የኦንላይን ኮርስ ዝግጅት፦ ስለ ትምህርት ንድፍና ስለ መማር ንድፈ ሐሳብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በአማርኛ የኦንላይን ኮርስ ለማዘጋጀት የተነሡ መምህራንና አሠልጣኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው፤ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ለአነስተኛ ነጋዴዎች ከሚሰጥ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ትምህርት የተወሰዱ ሲሆን፣ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትምህርት ንድፍ ምንድን ነው? ከማስተማርስ በምን ይለያል?

የትምህርት ንድፍ ማለት ተማሪው በኮርሱ መጨረሻ ምን መሥራት እንደሚችል አስቀድሞ መወሰን፣ ወደዚያ የሚያደርሱትን ልምምዶች በቅደም ተከተል ማሰናዳት፣ ከዚያም ተማሪው በእርግጥ እዚያ መድረሱን መመዘን ነው። ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር የተማሪዎቹን ፊት አይቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ምሳሌ ይጨምራል፣ የተሳሳተውን እዚያው ያርማል፤ ንድፉን ከትምህርቱ ጋር አብሮ እየሠራው ይሄዳል ማለት ይቻላል። በኦንላይን ኮርስ ግን ተማሪው ግራ በሚጋባበት ሰዓት መምህሩ አጠገቡ የለም፤ ስለዚህ ግራ የሚያጋባው ቦታ የት እንደሆነ አስቀድሞ ገምቶ መፍትሔውን እዚያው ማስቀመጥ የአዘጋጁ ሥራ ይሆናል።

በሙያው በስፋት የሚሠራበት ሂደት ትንተና፣ ንድፍ፣ ዝግጅት፣ ትግበራና ግምገማ የተባሉ አምስት ደረጃዎች አሉት፤ መነሻውም በ1975 በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተዘጋጀ የሥልጠና ሞዴል ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ብዙዎቻችን ሁለቱን ጫፎች፣ ማለትም ትንተናንና ግምገማን፣ ዘልለን መሐሉን ብቻ እንሠራለን።

የመማር ንድፈ ሐሳቦችን ሁሉ ማወቅ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። የመስኩ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ሦስት ጎራዎችን ይጠቅሳሉ፦ መማርን በልምምድና በማበረታቻ የሚመጣ የባህሪ ለውጥ አድርጎ የሚያየው፣ አእምሮ መረጃን እንዴት እንደሚቀበልና እንደሚያከማች የሚያጠናው፣ እንዲሁም ተማሪው አዲሱን ነገር ከነባር ልምዱ ጋር እያዋሐደ ዕውቀቱን ራሱ ይገነባል የሚለው። ጎራዎቹ እርስ በርሳቸው ብዙ ተከራክረዋል፤ ኮርስ የሚያዘጋጅ ሰው ግን ወገን መያዝ አይጠበቅበትም። ቃላት ሲያስጠና ከመጀመሪያው፣ ስላይድ ሲሠራ ከሁለተኛው፣ ፕሮጀክት ሲሰጥ ከሦስተኛው ሊበደር ይችላል።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ስዌለር በአውስትራሊያ ያዳበሩትንና በ1988 ያስተዋወቁትን የአእምሮ ጫና ንድፈ ሐሳብ ነው። መነሻው አዲስ ነገር የምናስተናግድበት ጊዜያዊ ትውስታ እጅግ ጠባብ መሆኑ ነው። ጆርጅ ሚለር በ1956 አቅሙን ወደ ሰባት ነጥቦች ገምተውት ነበር፤ ኔልሰን ካወን በ2001 ጥናቶቹን እንደገና መርምረው ወደ አራት ዝቅ አደረጉት። ይህን ጥበት የሚያሰፋው ቀድሞ የያዝነው ዕውቀት ነው። ማንበብ የለመደ ሰው ፊደሎቹን አያስተውላቸውም፤ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ግን እያንዳንዱን ፊደል ለመለየት ጉልበቱን ስለሚጨርስ የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ ሳይዝ ይቀራል። «ዴቢት»፣ «ክሬዲት»፣ «ሌጀር» እና «የሂሳብ ሚዛን» በአንድ ስላይድ ላይ ሲደረደሩበት ጀማሪው ነጋዴም የሚገጥመው ይኸው ነው፤ ተማሪው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ስላይዱ ከአቅሙ በላይ ጭኖበት ነው።

ዝግጅቱ ከየት ይጀመራል?

ከመጨረሻው ምዘና ይጀመራል። አዘጋጁ በመጀመሪያ «ተማሪው ይህን ከሠራልኝ ኮርሱ ግቡን መትቷል» የሚልበትን ሥራ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ያንን ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ልምምዶች ይዘረዝራል፤ ቪዲዮውና ማስታወሻው ልምምዶቹን ለማገዝ የሚመጡ ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚሠራው ተገልብጦ ነው። እኔም በመጀመሪያው ኮርሴ ሁለት ወር ሙሉ ቪዲዮ ስቀርጽ ቆይቼ ፈተናውን ለማውጣት ስቀመጥ፣ ከቀረጽኩት ውስጥ ሲሶው ለምንም የማይፈለግ፣ የሚፈለገው ዋና ነገር ደግሞ ያልተቀረጸ ሆኖ አገኘሁት።

የኮርሱ ግብ ሲጻፍ «ይረዳል»፣ «ያውቃል»፣ «ግንዛቤ ያገኛል» የሚሉት ቃላት መታየት ወይም መመዘን ስለማይችሉ ለአዘጋጁ አይጠቅሙትም። «ስለ ተጨማሪ እሴት ታክስ ግንዛቤ ያገኛል» ከማለት «ታክሱ ተጨምሮበት ከተጻፈ ደረሰኝ ላይ የታክሱን መጠን ለይቶ ያወጣል» ማለት ምን ማስተማር እንዳለበትም፣ ምን ብሎ መፈተን እንዳለበትም በአንድ ጊዜ ይነግረዋል። በ1956 በቤንጃሚን ብሉም መሪነት የወጣውና በ2001 የተከለሰው የትምህርት ግቦች ምደባ ከማስታወስ እስከ አዲስ ነገር መፍጠር ያሉትን ደረጃዎች ስለሚያስቀምጥ ግሥ ለመምረጥ ያግዛል። ነገር ግን ሁልጊዜ ከታች ተነሥቶ በየደረጃው መውጣት ግዴታ ነው ብሎ መያዝ ስሕተት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ተማሪው ከባዱን ሥራ መጀመሪያ ሞክሮት መቸገሩ ትምህርቱን እንዲፈልገው ያደርጋል።

ቪዲዮ ስንት ደቂቃ መሆን አለበት?

በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር ስድስት ደቂቃ ነው። ምንጩ ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቻቸው በ2014 ያወጡት ጥናት ሲሆን፣ ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ኮርሶች መድረክ በአራት ኮርሶች ከ6.9 ሚሊዮን በላይ የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምሯል፤ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም የተመልካቾቹ አማካይ ቆይታ ከስድስት ደቂቃ እንደማያልፍ ታየ። በዚሁ ጥናት በስቱዲዮ በብዙ ወጪ የተቀረጹት ቪዲዮዎች መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ በቅርበት ከሚናገርባቸው ብልጫ አላሳዩም፤ እጅ ሲጽፍ የሚታይባቸውም ከስላይድ ይልቅ ተመልካች ይዘው ቆይተዋል። ስቱዲዮ ለመከራየት ለሚጨነቅ ሁሉ ይህ ደስ የሚል ዜና ነው።

ሆኖም ጥናቱ የለካው ምን ያህል እንደታየ እንጂ ምን ያህል እንደተማሩበት አይደለም። አንድ ሐሳብ አሥር ደቂቃ ከፈለገ አሥር ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ሐሳቡን መሐል ላይ ቆርጦ ሁለት ቪዲዮ ማድረግ ለማንም አይረባም።

ስላይዱ ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ባስረዳ ምን ችግር አለው?

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ለረጅም ዓመታት በድምፅና በምስል መማርን ያጠኑት ሪቻርድ ሜየር ያገኙት ውጤት ይህን ልማድ አይደግፈውም። ሥዕል እየታየ ማብራሪያው በድምፅ ሲሰጥ ተማሪው ሁለቱን ያዋሕዳል፤ በዚያ ላይ የሚነገረው ቃል ሁሉ በጽሑፍ ሲጨመርበት ዓይኑ በሥዕሉና በጽሑፉ መካከል ይመላለሳል፣ የሚነበበውና የሚሰማውም ፍጥነታቸው ስለማይገጥም አንዱ ሌላውን ያደናቅፋል። ለማሳመር ተብለው የሚገቡ የጀርባ ሙዚቃዎችና ከርእሱ ጋር የማይሄዱ ፎቶግራፎችም በተመሳሳይ መንገድ ይጎዳሉ።

ይህ ግን ጽሑፍ ፈጽሞ አይኑር ማለት አይደለም። ቁልፍ ቃላት፣ ቁጥሮችና አዳዲስ ስሞች መጻፍ አለባቸው። መስማት ለተሳናቸው የግርጌ ጽሑፍ የግድ ነው፤ ትምህርቱ በሁለተኛ ቋንቋቸው ለሚቀርብላቸው ተማሪዎችም ጽሑፉ ይረዳቸዋል። በእስራኤል ወይም በአሜሪካ ተወልደው አማርኛን ከጽሑፍ ይልቅ በጆሮ ለሚያውቁ ወጣቶች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እነርሱን የሚያግዛቸው ድምፁ ስለሆነ ስላይዱን በጽሑፍ መሙላት ከሁሉም በላይ ይከብዳቸዋል።

ጥያቄዎችን በመጨረሻ ላስቀምጥ ወይስ በየመሐሉ?

በየመሐሉ ይግቡ፤ ከተማሩት ቀናት ካለፉ በኋላም ተመልሰው ይምጡ። ጥያቄ የተማሩትን መለኪያ ብቻ ተደርጎ ይታያል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ማስተማሩ ነው። ጄፍሪ ካርፒኪና ሄንሪ ሮዲገር በ2008 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ጋር እንዲያጠኑ ተደረገ። አንድን ቃል አንዴ በትክክል ካስታወሱት በኋላ ገሚሶቹ በዚያው ቃል መፈተናቸውን ቀጠሉ፤ ሌሎቹ ግን ቃሉን ማንበብ ቀጠሉ እንጂ አልተፈተኑበትም። ከአንድ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ 80 በመቶ ገደማውን ሲያስታውሱ ሁለተኛዎቹ ከ40 በመቶ በታች ያዙ። የሚገርመው፣ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ ተብለው አስቀድመው ሲጠየቁ የሁለቱም ግምት ተቀራራቢ ነበር፤ ተማሪው የሚጠቅመውን ዘዴ በስሜቱ አያውቀውም ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የቅኔ መምህር መንገዱን ካሳዩ በኋላ ተማሪው ገለል ብሎ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርሙታል፤ የሚጀምረውም ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ነው፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ኋላ ይመጣል። በየዕለቱ መሥራት፣ በየዕለቱ መታረም፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ መሄድ፦ ብዙ የኦንላይን ኮርሶች የሚጎድላቸው ይህ ሥርዓት ነው።

ጥያቄው እንዲያስተምር ከተፈለገ የተሳሳቱት አማራጮች በዘፈቀደ አይመረጡም። «15 በመቶ ታክስ ተጨምሮበት 1,150 ብር በተከፈለ ደረሰኝ ላይ ታክሱ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ትክክለኛው መልስ 150 ብር ነው፤ ብዙ ሰው ግን የ1,150ን 15 በመቶ ያሰላና 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል። ስለዚህ 172.50 ከአማራጮቹ አንዱ መሆን አለበት፤ እርሱን ለመረጠ ተማሪም «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ «ታክሱን ያሰላኸው ታክስ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ነው፤ መጀመሪያ 1,150ን ለ1.15 አካፍልና ዋናውን ዋጋ አግኝ» የሚል ምላሽ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያሉ አማራጮችን ለማግኘት ሁነኛው መንገድ ከአምስት ስድስት ነጋዴዎች ጋር ቁጭ ብሎ ሲያሰሉ ማየት ነው።

አንዳንዱ በማየት፣ አንዳንዱ በመስማት ይማራል ይባላል፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ማዘጋጀት አለብኝ?

የለብዎትም። ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቻቸው በ2008 ማስረጃዎቹን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ትምህርቱን ተማሪው «የእኔ ነው» ከሚለው ስልት ጋር ማዛመድ ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማረጋገጫ አላገኙም። የማቅረቢያው መንገድ በትምህርቱ ዓይነት ይወሰን፦ ካርታ ይታያል፣ ዜማ ይሰማል፣ ሂሳብ ይሠራል።

ተማሪዎች ተመዝግበው ለምን ያቋርጣሉ?

በመጀመሪያ፣ ማቋረጥ የኦንላይን ትምህርት ሁሉ ጣጣ መሆኑን ማወቅ ያጽናናል። ጀስቲን ራይክና ሆሴ ሩይፔሬዝ በ2019 የኤምአይቲንና የሃርቫርድን ነጻ ኮርሶች መርምረው በ2017-18 ከተመዘገቡት ያጠናቀቁት 3.13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገለጹ። ለምስክር ወረቀት ከከፈሉት መካከል ግን 46 በመቶ ያህሉ አጠናቀዋል። ልዩነቱን ገንዘቡ ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ የሚከፍለው ሰው ከመጀመሪያውም ለመጨረስ ቆርጦ የገባ ነው። በነጻ የተመዘገበው ደግሞ አንዲት ትምህርት ፈልጎ ገብቶ፣ አግኝቷት፣ ተደስቶ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን እንደ ውድቀት መቁጠር አግባብ አይመስለኝም።

ለመጨረስ አስበው የሚያቋርጡት ናቸው ሊያሳስቡን የሚገባ፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፉት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት የኮርሱን ታሪክና የአዘጋጁን ማንነት የሚተርክ ሳይሆን፣ ተማሪው በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚጠቅመውን አንድ ነገር ሠርቶ የሚወጣበት ሊሆን ይገባል፤ ለምሳሌ የዛሬውን ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ መዝግቦ ፎቶውን የሚልክበት። በመጀመሪያው ሳምንት ድምፁ ያልተሰማ ተማሪ ካለም በስሙ ጠርቶ «ምን አስቸገረህ?» ብሎ መጻፍ ከማንኛውም አውቶማቲክ ማስታወሻ ይበልጣል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የሰው ልጅ ከውስጡ እንዲተጋ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላሉ፦ በፈቃዱ መምረጥ፣ እንደሚችል መሰማትና ከሌሎች ጋር መተሳሰር። የሚያቋርጡ ተማሪዎችን በየግላቸው ሳነጋግር በብዛት ጎድሎ የማገኘው ሦስተኛው ነው።

ነጥብ፣ ባጅና ደረጃ ሰንጠረዥ ልጨምር?

በጥንቃቄ። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒዝቤት በ1973 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሥዕል መሳል ይወዱ የነበሩ ሕፃናት ለሥዕላቸው ሽልማት ቃል ከተገባላቸው በኋላ በነጻ ጊዜያቸው የመሳል ፍላጎታቸው ቀነሰ። አሰልቺ ለሆነ ድግግሞሽ ነጥብ ሊያግዝ ይችላል፤ ተማሪው ራሱ የሚፈልገውን ነገር ግን በነጥብ መግዛት አያስፈልግም። የደረጃ ሰንጠረዥ ደግሞ የሚያበረታታው ከላይ ያሉትን ብቻ ነው።

የውይይት ቡድኑ ዝም ካለ ምን ይደረጋል?

ዝምታው ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ይመጣል። «ስለ ዛሬው ትምህርት ምን ተሰማችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «በጣም ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን» ከማለት ሌላ ምን ይመልሳል? «ደንበኛችሁ በዱቤ ወስዶ ሁለት ወር ጠፋ፤ በመዝገባችሁ የት ትጽፉታላችሁ? ለምን?» ሲባል ግን ሁሉም ከሱቁ ታሪክ ያመጣል፤ መልሶቹም ስለሚለያዩ ክርክር ይነሣል። በካናዳ ጋሪሰን፣ አንደርሰንና አርቸር በ2000 ባቀረቡት ማዕቀፍ የኦንላይን ትምህርት የተማሪዎች መቀራረብ፣ የሐሳብ ፍለጋና የመምህር መገኘት እንደሚያስፈልገው ይናገራሉ፤ መተዋወቅ ብቻውን ውይይትን ትምህርት አያደርገውም።

በእኛ ዘንድ ሌላም ምክንያት አለ። በሰው ፊት መሳሳትን የሚፈራ፣ በዕድሜ ከሚበልጡት ፊት መናገርን እንደ ድፍረት የሚቆጥር ተማሪ ጥቂት አይደለም። ስድሳ ሰው ካለበት አንድ የቴሌግራም ቡድን ይልቅ አምስት አምስት ሰው ያለባቸው ቡድኖች ይናገራሉ፤ ከጽሑፍ ይልቅ የድምፅ መልእክት የሚቀናቸውም ብዙ ናቸው።

ተማሪዎቼ ኢንተርኔታቸው ደካማ ነው፤ በተለያየ አገርም ይኖራሉ። ንድፉ ይለወጣል?

ይለወጣል። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የተቀረጸ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 75 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ ያው ገለጻ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ድምፅ ሆኖ ሲቀርብ 2.4 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ «ይህ ትምህርት በእርግጥ ተንቀሳቃሽ ምስል ይፈልጋል?» የሚለው ጥያቄ የተማሪውን የኢንተርኔት ጥቅል ሂሳብ የሚነካ ጥያቄ ነው። ድምፅና ጥቂት ቋሚ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። ሙድልን የመሰሉ የኦንላይን ማስተማሪያ መድረኮች የስልክ መተግበሪያቸው ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመከታተል ይፈቅዳል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጽሑፉን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ያድናል።

የማስረከቢያ ሰዓት ነገርም ቀላል መስሎ ያጣላል። «እስከ ሐሙስ 12 ሰዓት» የሚለውን አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ማታ ጀምበር ስትጠልቅ ብሎ ይረዳዋል፤ ዋሽንግተን ያለው እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ይለዋል። አዲስ አበባና ሪያድ ሰዓታቸው አንድ ሲሆን፣ ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድማል፣ ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ይዘገያል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ፣ በቀጥታ ስርጭት መገኘትንም ግዴታ አለማድረግ ይሻላል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ስልካቸውን የሚይዙት ሥራ ሲያልቅ፣ ሌሊት ነው።

ቴክኒካዊ ቃላትን ወደ አማርኛ ልተርጉም ወይስ እንዳሉ ልተው?

መለኪያው ተማሪው ሥራ ቦታ ላይ የሚሰማው ቃል ነው። ነጋዴው «ቫት» ይላል፤ አዋጁ «ተጨማሪ እሴት ታክስ» ይላል፤ ሁለቱም ስለሚገጥሙት በመጀመሪያ ሁለቱን አብሮ ማሳየት፣ ከዚያ በአንዱ ጸንቶ መቆየት ነው። ማንም የማይናገረውን አዲስ ትርጉም ኮርስ ውስጥ መፍጠር ተማሪው ሐሳቡን ከመያዙ በፊት ቃሉን እንዲያጠና ያስገድደዋል።

ተማሪዎቹ ኮርሱን ወደዱት፤ ይህ ተምረዋል ማለት ነው?

የግድ አይደለም፤ አንዳንዴም ተቃራኒው ነው። በሃርቫርድ ሉዊ ዴሎሪየና ባልደረቦቻቸው በ2019 ባወጡት ጥናት የፊዚክስ ተማሪዎች በከፊል ጥሩ ንግግር ከሚያውቅ መምህር ገለጻ ሰሙ፣ በከፊል ደግሞ ራሳቸው እየታገሉ ጥያቄ ሠሩ። ራሳቸው በሠሩበት ጊዜ በፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ፤ የበለጠ የተማሩ የመሰላቸው ግን ገለጻ የሰሙ ጊዜ ነው። የሚፈስ ገለጻ «ገባኝ» ያሰኛል፣ ልምምድ ደግሞ ያልገባንን ያጋልጣል፤ ስለዚህ ልምምድ የሚበዛበት ኮርስ አዘጋጅ ምክንያቱን በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎቹ ቢነግራቸው ከብዙ ቅሬታ ይድናል።

ጀማሪውና የለመደው በአንድ ኮርስ ውስጥ ሲገናኙስ?

ይህ ከባዱ ችግር ነው፤ ምክንያቱም አንዱን የሚረዳው ሌላውን ያደናቅፋል። ለጀማሪ ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ የቀረበ ምሳሌ ከሁሉ ይጠቅመዋል፤ ሥራውን ለለመደው ግን ያው ማብራሪያ የሚያውቀውን መልሶ የሚያስነብብ ጫና ይሆንበታል፤ ስላቫ ካሊዩጋና ስዌለር በጥናቶቻቸው ደጋግመው ያሳዩት ይህንን ነው። የሚሠራው ዘዴ የመጀመሪያውን ምሳሌ ሙሉ በሙሉ ሠርቶ ማሳየት፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን ደረጃ ለተማሪው መተው፣ ከዚያ ሁለቱን እያሉ ድጋፉን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ከየምዕራፉ በፊት ሦስት ጥያቄ አስቀምጦ በትክክል የመለሰው በቀጥታ ወደ ልምምዱ እንዲያልፍ መፍቀድም የለመደውን ከመሰላቸት ያድነዋል።

ተማሪው መልሱን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢያሠራስ?

ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ያለው ጥያቄ ከሰጠነው ያሠራል። መከልከያ መፈለጉ ብዙ አያስኬድም፤ የሚሻለው የጥያቄውን ዓይነት መለወጥ ነው። «የገቢ መግለጫ ምንድን ነው?» የሚለውን ትቶ «ባለፈው ሳምንት ከሱቅህ መዝገብ ሦስት ቀን መርጠህ የገቢ መግለጫ ሥራ፤ ገጹን በፎቶ ላክ፤ ትርፍህ በየትኛው ቀን እንደቀነሰና ለምን እንደሆነ በሁለት ደቂቃ ድምፅ ንገረኝ» ሲባል ተማሪው የራሱን ሱቅ ማየት አለበት።

ድምፁን ማዳመጥ ጊዜ መውሰዱ እውነት ነው፤ ስድሳ ተማሪ በሁለት ደቂቃ ሲባዛ ሁለት ሰዓት ይሆናል። በየሳምንቱ ይህን መሸከም የማይችል አዘጋጅ በኮርሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ያድርገው፤ በሌሎቹ ሳምንታት ተማሪዎቹ በአምስት በአምስት ቡድናቸው ውስጥ እርስ በርስ ይደማመጡ።